መሐንዲሱ ዘይት ቀቢ፤ የኤላይጃ ማኮይ የሕይወት ታሪክ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ የመኪናና የማሽን መለዋወጫ ከሚሸጡት መደብሮች በአንዱ ደጃፍ ጥቂት ቆሞ የገበያተኛውን ጥያቄ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጎማ የሚገዛው የጎማውን ቁጥር ይናገራል። ኩሽኔታ የሚፈልገውም አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣና በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ለሻጩ ያሳያል። ግራሶ የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ ቁጥርም ናሙናም አይዝም፤ የሚጠይቀው ዋጋውንና ኦርጅናል መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ሻጩም ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ቆርቆሮ ያወርድለታል፤ ግብይቱም በዚሁ ያበቃል።

ገዢው የፍሬዛ ባለሙያ ነው እንበል። ማሽኑ ከውጭ አገር ያገለገለ ሆኖ የመጣ ነው፤ የአያያዝ መመሪያው ወይ በመንገድ ጠፍቷል፣ ወይም በሥራ ቤቱ ማንም በማያነበው ቋንቋ ተጽፏል። ካምቢዮው ያልተለመደ ድምፅ ማሰማት በመጀመሩ ክዳኑ ሲከፈት፣ የቆየው ግራሶ እንደ ጥቁር ሳሙና ደርቆ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ጥርሶቹ ግን ራቁታቸውን ሆነው ተገኝተዋል። አሁን በምትኩ ምን እንደሚጨምር መወሰን አለበት። የግራሶው ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ያለቦታው በገባ ግራሶ ምክንያት የሚበላው ጥርስ ግን በገበያ በቀላሉ የማይገኝ፣ እንደገና ይሠራ ቢባልም ሌላ ፍሬዛ የሚጠይቅ ነው። አንዲት ማሽን የብዙ ሰው እንጀራ በሆነችበት ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግራሶ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ፣ ፍሬዛ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ፣ እንደ መርካቶ ስም ራሱ፣ ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው፤ ገበያውም ከአራዳ ወደ ምዕራብ የተዛወረው በጣልያን ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) ቃላቱ ከነዕቃዎቹ ቀርተውልናል። ዕቃዎቹን የሚመለከተው ዕውቀት ግን እንደ ቃላቱ በቀላሉ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አልሆነም።

ብረት በብረት ላይ ሲሄድ በመካከላቸው ምን ይግባ፣ የሚገባውስ ነገር እንዴት ይድረስ የሚለው ጥያቄ አንድን ሰው ከወጣትነቱ እስከ ሽምግልናው ይዞት ኖሯል። የመርካቶ ገዢ ኦርጅናል እንደሚለው ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ አንድ ዕቃ የተመሰከረለትና ማስመሰያ ያልሆነ መሆኑን ለመግለጽ እውነተኛው ማኮይ የሚል አነጋገር አለ፤ ይህም አነጋገር ከዚሁ ሰው ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰውየው ኤላይጃ ማኮይ ይባላል። የሙያ ማኅበራችን አባላት ስሙን ሳይሰሙት አልቀሩም። ሕይወቱ ግን ከስሙ ያነሰ የታወቀ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ እናቀርበዋለን።

ማኮይ በ1844 በካናዳ፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኮልቸስተር በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ፤ የልደቱን ዓመት 1843 የሚያደርጉ ጸሐፊዎችም አሉ። ኤላይጃ ማለት እኛ ኤልያስ የምንለው የነቢዩ ስም ነው። አባቱ ጆርጅና እናቱ ሚልድረድ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በባርነት ተይዘው የነበሩ ሲሆን፣ ከጌቶቻቸው ሸሽተው ወደ ካናዳ የተሻገሩት በዚያ ዘመን የምድር ውስጥ ባቡር እየተባለ በሚጠራው መንገድ ነበር። ስሙ ባቡር ይባል እንጂ ሐዲድም ሎኮሞቲቭም አልነበረውም። ከባርነት የሚያመልጡትን ሰዎች ቀን እየሸሸጉ፣ ሌሊት ከቤት ወደ ቤት እያሳለፉ ወደ ሰሜን የሚያደርሱ ሰዎች የምሥጢር ማኅበር ነበር። ካናዳ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ በእንግሊዝ ግዛቶችም ባርነት በ1834 ስለተሻረ፣ ልጁ ነፃ ሆኖ ተወለደ። በኋላም ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ።

ልጁ ዕቃ የመፍታትና የመግጠም ፍቅር ስለታየበት፣ ወላጆቹ በአሥራ አምስት ዓመቱ አትላንቲክን አሻግረው ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤድንብራ ከተማ ላኩት። ከባርነት ያመለጡ ወላጆች፣ ብዙ ልጆች እያሏቸው፣ አንዱን ወደ ውቅያኖስ ማዶ ለትምህርት ለመላክ ምን ያህል እንደተቸገሩ መገመት አያዳግትም። ይኸው ዘመን ለእኛ ሙያ ታላቅ ዘመን ነበር። ማኮይ በተላከበት ገደማ፣ በ1859፣ በፔንስልቬኒያ በታይተስቪል የመጀመሪያው የታወቀ የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዘይት ወጣ፤ በሞራ ፋንታ የማዕድን ዘይት በማሽን ላይ የሚውልበት በር የተከፈተውም ያን ጊዜ ነው። በ1862 ደግሞ በፕሮቪደንስ ከተማ ጆሴፍ ብራውን የተባለው ባለሙያ፣ የመብሻ ጠመዝማዛ ጥርስ ለመቁረጥ ሲል፣ ሁለገቡን የፍሬዛ ማሽን ሠራ። ዛሬ በየሥራ ቤታችን የምናያት ፍሬዛ የዚያች የልጅ ልጅ ናት።

ማኮይ በኤድንብራ በሜካኒክስ ምህንድስና ሠልጥኖ፣ የብቃት ማረጋገጫውን ይዞ ወደ ሚሺጋን ተመለሰ። ነገር ግን በተማረበት ሙያ የሚቀጥረው አልተገኘም። ምክንያቱም የቆዳው ቀለም ነበር። የሚሺጋን ሴንትራል የምድር ባቡር ኩባንያ የሰጠው ሥራ የእሳት አንዳጅነትና የዘይት ቀቢነት ነበር፤ ይኸውም በቶን የሚቆጠር ከሰል በአካፋ ወደ ምድጃው መወርወርና ባቡሩ በቆመ ቁጥር የዘይት ማፍሰሻ ይዞ በመንኮራኩሮቹ ዙሪያ መዞር ነው። ማኮይ ሥራውን ተቀበለ።

የዚያን ጊዜው የዘይት ቀቢ ሥራ ምን እንደነበረ በጥቂቱ ማስረዳት ያስፈልጋል። የአገራችን የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጎተተው በእንፋሎት ስለነበር፣ የቀድሞዎቹ የባቡር ሠራተኞች ነገሩን አሳምረው ያውቁት ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሁለት ዓይነት ቅባት ይፈልጋል። አንደኛው በውጭ በኩል ለአክሲሎችና ለመገጣጠሚያዎች የሚሰጠው ነው፤ ይህን ባቡሩ ሲቆም በእጅ ማድረስ ይቻላል። ሁለተኛው ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑንና የእንፋሎቱን መዝጊያ የሚያለሰልሰው ነው፤ አስቸጋሪው ይህ ነበር። እንፋሎቱ በከፍተኛ ግፊት በሲሊንደሩ ውስጥ ሳለ ከላይ ቅባት ላፍስስ ቢሉ፣ እንፋሎቱ ቅባቱን መልሶ በሰውየው ፊት ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ቅባት መስጠት የሚቻለው እንፋሎቱ ሲዘጋ፣ ወይም ባቡሩ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ወይም ጨርሶ ሲቆም ብቻ ነበር። አንዳንዱም ሠራተኛ ባቡሩ እየሄደ በሎኮሞቲቩ ጎን ባለው ጠባብ መረማመጃ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ ይደርስና የቅባቱን ጽዋ ይከፍት ነበር።

ቅባቱ ራሱ የከብት ሞራ ነበር። ሞራ በእጅ ሲነኩት ለስላሳ ነው፤ በእንፋሎት ሙቀት ግን ይፈርስና አሲድ ይወጣዋል፤ አሲዱም ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ብረቱን ከመበላት ያድነዋል ተብሎ የሚሰጠው ነገር ራሱ ይበላው ነበር ማለት ነው። በኑግ ዘይት የስፌት መኪናውን የቀባ ልብስ ሰፊ ከዚሁ የሚመሳሰል ነገር ሳይገጥመው አይቀርም፤ ዘይቱ በመጀመሪያው ሳምንት ያሾራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እንደ ሙጫ ይይዛል። ሲነኩት ማለስለሱና ሥራ ላይ ማለስለሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ1860ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለእንፋሎት ሲሊንደር ተብሎ የተጣራ የማዕድን ዘይት በገበያ ላይ መታየት በመጀመሩ የቅባቱ ዓይነት እየተሻሻለ ሄደ። የማድረሱ ችግር ግን እንዳለ ነበር።

በእኛም የሥራ ቤቶች የዘይት ማፍሰሻውና የግራሶ ፓምፑ የሚሰጠው ትናንት ለተቀጠረው ለማጅ ነው። ዋናው ባለሙያ ልክ ይለካል፣ ብረት ይቆርጣል፤ ግራሶ መቀባት ግን ወለል ከመጥረግ ጋር አብሮ የሚታዘዝ ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ልማድ ከስሕተት ይቆጥረዋል። ማሽኑ የት እንደሚግል፣ የት እንደሚንሿሿ፣ ቅባቱ የት ደርሶ የት እንደሚቀር ከሁሉ በፊት የሚያየው ዘይት ቀቢው ስለሆነ ነው። በሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ላይ የሆነው ደግሞ ያልታሰበ ነገር ነበር። ኩባንያው በዘር ጥላቻ ምክንያት የሠለጠነ መሐንዲስ ለዝቅተኛው ሥራ አሰማራ፤ እንዲህም ሲያደርግ ሳያውቀው የሠለጠነ ዓይን ማንም መሐንዲስ በማይገባበት ቦታ ላይ አስቀመጠ።

ማኮይ በኢፕሲላንቲ በነበረችው ትንሽ የሥራ ቤቱ፣ ከባቡር ሥራው በሚተርፈው ሰዓት፣ ዘይቱን ያለሰው እጅ የሚያደርስ መሣሪያ ለመሥራት ይደክም ጀመር። በሐምሌ ወር 1872 ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን የዘይት መስጫ በመፈልሰፉ የመጀመሪያውን የባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘ። የመሣሪያው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ቀድሞ ዘይት እንዳይገባ ይከለክል የነበረው የእንፋሎቱ ግፊት ራሱ፣ በዘይቱ ጽዋ ውስጥ ያለውን ትንሽ መዝጊያ እንዲያንቀሳቅስ አደረገው፤ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ዘይቱ በራሱ ይወርዳል። ባቡሩ ለቅባት ሲል መቆም፣ ሰውም በመረማመጃው ላይ መንጠልጠል አያስፈልገውም። እንቅፋት የነበረውን ኃይል አገልጋይ ማድረግ የማኮይ ጥበብ ይህ ነበር።

ለእውነት ሲባል ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ሲሊንደርን በራሱ የሚቀባ መሣሪያ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው ማኮይ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ጆን ራምስቦተም የተባለው የባቡር መሐንዲስ በ1860 እንፋሎት ወደ ውኃ እየተለወጠ ዘይቱን የሚያስወጣበትን መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ በአሜሪካም ሌሎች ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ማኮይን ሲያመሰግኑ የሌሎቹን ድርሻ ይረሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይህን ምክንያት አድርገው የማኮይን ድርሻ ለማሳነስ ይሞክራሉ። ሁለቱም አያስፈልግም። ማኮይን ከብዙዎቹ የሚለየው አንድ ጊዜ ፈልስፎ አለመቆሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያውን እያሻሻለ 57 ያህል ማረጋገጫዎች ወሰደ፤ አብዛኞቹም ዘይት ማድረስን የሚመለከቱ ነበሩ።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ማኮይ ይህን በሚሠራበት ጊዜ ዘይት ብረትን ከብረት እንዴት እንደሚለይ በሳይንስ ገና አልተገለጠም ነበር። በ1883 በእንግሊዝ አገር ቦሻም ታወር የተባለው ሊቅ የባቡር አክሲል ኩሽኔታ ሲመረምር፣ ከላይ የበሳውን ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ዘይቱ ከውስጥ እየገፋ ውታፉን አስወጣበት። ከዚህም የተነሣ የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ከፍ ያለ ግፊት እንደሚፈጥር፣ ዘንጉም በዘይት ላይ ተንሳፎ እንደሚሄድ ታወቀ፤ ኦስቦርን ሬይኖልድስም በ1886 ነገሩን በሒሳብ አስረዳ። ዘይቱ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት የሚለው የማኮይ የሥራ ቤት እምነት ከሒሳቡ 14 ዓመት ቀድሞ ነበር።

የማኮይ የግል ሕይወት ኀዘን ያልተለየው ነበር። በ1868 ያገባት አን ኤልዛቤት ስቱዋርት የመጀመሪያውን ማረጋገጫ ባገኘበት በ1872 ሞተች። በተከታዩ ዓመት ሜሪ ዴላኒን አግብቶ ከእርስዋ ጋር ኀምሳ ዓመት ያህል ኖረ፤ በ1882ም ወደ ዲትሮይት ከተማ ተዛወሩ። ከዘይት ሥራው ውጭ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና የሣር ማጠጫ አሻሽሎ ሠርቷል። በዲትሮይትም ለዘይት መስጫ አምራቾች በአማካሪነት ይሠራ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚያዝ ለባቡር ሠራተኞች ያሳይ ነበር። በ1909 ቡከር ዋሽንግተን ስለ ጥቁሮች ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከጥቁሮች መካከል ብዙ ማረጋገጫ የያዘ ሰው ማኮይ መሆኑን ጠቅሷል።

ሀብታም ግን አልሆነም። መሣሪያውን በብዛት ለማምረት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ከመብቶቹ ብዙዎቹን ገና ሲያገኛቸው ለሌሎች ሰዎችና ለኩባንያዎች እየሸጠና እያስተላለፈ የሚቀጥለውን መሣሪያ ለመሥራት የሚበቃውን ብቻ ያስቀር ነበር። በዚህም ምክንያት መሣሪያዎቹ በየሎኮሞቲቩና በየመርከቡ ሲገጠሙ የአብዛኞቹ ቆርቆሮ የማኮይን ስም አልያዘም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የባቡር ሥራ ተለወጠ። ከውኃው ከወጣ በኋላ እንደገና በእሳት እየጋለ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ የሚያልፍ እንፋሎት በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ከሰልና ውኃ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ቀድሞ ይበቃ የነበረው ዘይት በዚያ ሙቀት ይሳሳል፣ ይቃጠላል። ባለሙያዎች ሙቀት የማይበግረውን ግራፋይት፣ ማለትም በእርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄት፣ ከዘይት ጋር ለመቀላቀል ሞከሩ። ግራፋይቱ ግን በቱቦው ውስጥ እየዘቀጠ መንገዱን ይደፍን ነበር። ማኮይ ከሰባ ዓመት በላይ በሆነው ጊዜ፣ በ1915፣ ግራፋይቱ ሳይዘቅጥና ቱቦ ሳይደፍን ከዘይቱ ጋር እየተመጠነ የሚወርድበትን መሣሪያ አስመዘገበ። እርሱ ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀውን ቦታ ለዚህ ይሰጠው እንደነበር ይነገራል። በ1872 የነበረው ጥያቄ እንዴት ይድረስ የሚል ነበር፤ በ1915 ግን ምን ይድረስ የሚለውም ተጨመረበት። ሥራው ሲለወጥ ቅባቱ ካልተለወጠ የትናንቱ መፍትሔ የዛሬ ጥፋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ወደ መርካቶው ገዢያችን ብንመለስ፣ የሚያስፈልገው ይኸው የማኮይ ጥያቄ ነው። ግራፋይት ለጋለው ሲሊንደር መድኃኒት ነበር፤ በጣም ጠባብ ክፍተት ባለው በፍሬዛ ዋና ዘንግ ኩሽኔታ ውስጥ ግን የደረቀ ዱቄት ያለበት ጥቁር ግራሶ ቦታው አይደለም። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ካምቢዮው የተሠራው ለዘይት ነው ወይስ ለግራሶ የሚለው ነው። በጎኑ የዘይት ማያ መስተዋት፣ ከታቹ መድፊያ ብሎን፣ በዘንጎቹ ጫፍም የዘይት ማገጃ ጎማ ካለው ለዘይት የተሠራ ነው፤ በዚያ ውስጥ ግራሶ መጠቅጠቅ የዘይቱን መንገዶች ሁሉ መድፈን ነው። እንዲህ ላለው ካምቢዮ የአምራቹ ምክር ከጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው፣ በዓለም አቀፉ የኢንዱስትሪ ዘይት መለኪያ ከ32 እስከ 68 ያለው ስስ ዘይት ነው።

አደጋው ካምቢዮ ከሚለው ቃል ይጀምራል። ባለሙያው ለካምቢዮ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጩ የከባድ መኪና ካምቢዮ መስሎት 90 ቁጥር ዘይት ይሰጠዋል። 90 እና 68 ቁጥራቸው ይቀራረባል፤ መለኪያዎቹ ግን የተለያዩ ስለሆኑ፣ 90 የተባለው የመኪና ዘይት ከ68ቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የወፈረ ነው። በፍጥነት በሚዞር የፍሬዛ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ይግላል፣ ሞተሩም በከንቱ ይደክማል። ከዚህም በላይ ለመኪና ዲፈረንሻል ተብሎ የሚዘጋጀው ዘይት ከባድ ጫና እንዲችል ድኝ ያለበት ቅመም ይጨመርበታል፤ ይህ ቅመም ሲግል ከነሐስ የተሠራውን ጥርስና ቡሽ የሚበላበት ጊዜ አለ። በእንፋሎት ሲሊንደር ውስጥ ሞራው ያደርገው የነበረው ይኸው ነበር።

ካምቢዮው በእርግጥ ለግራሶ የተሠራ ከሆነ፣ እንደ አንዳንዶቹ ትናንሽ የጠረጴዛ ፍሬዛዎች፣ የግራሶው ውፍረት ይመረመራል። ግራሶ ማለት በሳሙና የተያዘ ዘይት ነው፤ ሳሙናው እንደ ስፖንጅ ዘይቱን ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ይለቅቃል። ውፍረቱ ከ000 እስከ 6 በሚደርስ ቁጥር ይለካል። በመርካቶ በብዛት የሚገኘውና ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚሆነው 2 ቁጥር ነው። ይህ በኩሽኔታ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆየቱ ጠቃሚ ነው፤ በጥርሶች መካከል ግን ጉዳት ነው። ጥርሶቹ እንደ ማረሻ ቦይ ይቀዱበታል፤ ግራሶው ወደ ግድግዳው ይፈናጠርና በዚያው ይቀራል፤ ተመልሶም አይፈስም። ያ እንደ ጥቁር ሳሙና ደርቆ የተገኘው ግራሶ እንዲህ የሆነ ነው፤ ካምቢዮው በግራሶ ተሞልቶ ሳለ ጥርሶቹ በረኀብ አለቁ። ለዚህ የሚሆነው እንደ አጥሚት የሚፈስሰው 00 ወይም 0 ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የቆርቆሮ ቤቱ ሲበርድ ወፍራሙ ግራሶ ይብሱን ይጠነክራል።

አሮጌው ግራሶ ሳይታጠብ አዲሱን መደረብም አይገባም። የአንዱ ሳሙና ካልሲየም፣ የሌላው ሊቲየም፣ የሌላው ሌላ ሊሆን ይችላልና፣ ሲደባለቁ አንዳንድ ጊዜ ስፖንጁ ይፈርስና ዘይቱ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ቀለሙ ስለ ዓይነቱ ምንም አይነግርም፤ ቀይም ሰማያዊም የሚሆነው በተጨመረበት ቀለም ነው። እስከ አፉ መሙላትም ሙቀት እንጂ ጥቅም አይጨምርም፤ ታችኛው ጥርስ ጠልቆ የሚነሣበት ያህል ይበቃል።

ኦርጅናል ነው ወይ ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። ስለ ማኮይ የሚተረከው፣ ገዢዎች በማስመሰያ መሣሪያዎች እየተታለሉ ስለተማረሩ እውነተኛውን የማኮይ ዕቃ ካልሆነ አንወስድም ይሉ ነበር፣ አነጋገሩም ከዚህ ተወለደ የሚል ነው። ትረካው መልካም ነው፤ ማስረጃው ግን ይጎድላል። በስኮትላንድ ማካይ በሚል ስም ተመሳሳይ አነጋገር በ1856፣ ማለትም ማኮይ ገና ልጅ ሳለ፣ በጽሑፍ ተገኝቷል። አነጋገሩ ከእርሱ ባይወለድም በብዙዎች ዘንድ ለእርሱ ተሰጥቷል። ነገሩ የሚያስገርመው በሌላ በኩል ነው። በገበያችን ታዋቂ ስም የታተመበት ቆርቆሮ ሆኖ ውስጡ ሌላ ነገር የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ የማኮይ መሣሪያዎች ግን ውስጣቸው እውነተኛ ሆኖ በላያቸው ስሙ አልነበረም። ኦርጅናል የሆነ 2 ቁጥር ግራሶም ቢሆን 00 በሚገባበት ካምቢዮ ውስጥ ጥርስ ከመብላት አይመለስም፤ ስለዚህ ገዢው ከስሙ በፊት ቁጥሩን ቢጠይቅ ይሻላል።

ማኮይ በስሙ የተጠራ ድርጅት ያቋቋመው በ1920፣ ሰባ ስድስት ዓመት ሆኖት ነው። በዲትሮይት የተመሠረተው የኤላይጃ ማኮይ ማምረቻ ኩባንያ የግራፋይቱን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ደስታው ግን አልረዘመም። በ1922 ከባለቤቱ ጋር የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ ሜሪ በጉዳቱ ምክንያት ሞተች፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰለትም። ገንዘቡ አለቀ። በ1928 ኤሎይዝ በሚባለው፣ ለድኾችና ለሕሙማን በተሠራው የዌይን አውራጃ መጠለያ ገባ፤ በጥቅምት ወር 1929ም በዚያው ዐረፈ።

በ2001 በአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ስሙ ገባ። በ2012 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ከዋና ከተማው ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በዲትሮይት ሲከፍት በኤላይጃ ማኮይ ስም ሰየመው። መቃብሩ የሚገኘው ከዲትሮይት ወጣ ብሎ በዋረን ከተማ፣ የዲትሮይት መታሰቢያ በተባለው መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ይህን መካነ መቃብር በ1925 ያቋቋሙት፣ በሌሎቹ የመቃብር ቦታዎች በክብር መቀበር የተከለከሉት የከተማዪቱ ጥቁሮች ነበሩ።